ጨው የማይበላው መሣሪያ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ ብጀምር እናትሽ ትስቅብኛለች። "አንድ ዓመት ከአራት ወር ዘግተሃት ዛሬ እንደምን ከርመሻል?" ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ላቆየውና ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሬ ደግሞ ቦይለር ነው። አትሳቂ። አባትሽ ከቧንቧና ከቦይለር ሌላ ምን ያውቃል?

ባለፈው ሐሙስ የቤታችንን ቦይለር ከፈትኩት። እንደምታውቂው ይህ በዓመት አንድ ቀን አብረን የምንሠራው ሥራ ነበር። አንቺ ባልዲ ትይዣለሽ፣ እኔ በመሮና በመዶሻ የጋገረውን ኖራ እየፈነቀልኩ የዚህን ከተማ ውሃ ስራገም እውላለሁ። አንቺም "አባዬ ቀስ በል፣ ቧንቧው ይሰማሃል" እያልሽ ትስቂያለሽ። አምና ግን አልከፈትኩትም። ወገቤን አሞኛል አልኩ፤ ማሸጊያ ጎማ ጠፋ አልኩ። ውሸቴን ነው። አንቺ ሳትኖሪ ልከፍተው አልፈለግኩም፣ በቃ። ዘንድሮ እናትሽ "ሲፈነዳ ነው የምትከፍተው?" እያለች ስትነዘንዘኝ ባልዲውን ራሴ ይዤ ገባሁ።

ውስጡ ያየሁትን ከመንገሬ በፊት ግን ያንን ቅዳሜ ላንሳው። ሳላነሳው ባልፍ ይሻለኝ ነበር፤ ግን የዚህ ደብዳቤ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ "ጨው" እያለ ነው የጠራኝ። የዚህ ከተማ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ የማንቆርቆሪያውን ቂጥ ነጭ ያለብሰዋል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የታጠቡበትን ፀጉር እንደ መጥረጊያ ያደርቀዋል። እኔ ደግሞ በየቤቱ የጨው ማሽን እየገጠምኩ ኖራውን አወጣለሁ። ማሽኑ በየወሩ ጨው ይፈልጋል። ጨዉን በጆንያ ተሸክሜ ደረጃ ለደረጃ ስወጣ ልጆቹ "ጨው መጣ! ጨው መጣ!" ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ። ሰው የሚጠብቀኝ ሰው ነበርኩ።

አንቺ አንድ ቀን ቁመቱ ከጉልበቴ የማያልፍ ቱቦ ታቅፈሽ ገባሽ። "አባዬ፣ ይሄ ጨው አይበላም። መብራትም አይፈልግም" አልሽኝ።

"ታዲያ ምን ሊበላ ነው? እኛን?" አልኩሽ።

ሳቅሽና ማስረዳት ጀመርሽ። በሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ አልሽኝ። ኖራው እነሱን ሲነካ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ይሆናል፤ ከዚያ ቧንቧው ላይ መጣበቅ ትቶ ከውሃው ጋር ዝም ብሎ ያልፋል። "ኖራውን አያወጣውም አባዬ፤ እንዳይጣበቅ ብቻ ነው የሚያደርገው" አልሽኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ የጠፋብኝን መፍቻ እፈልግ ነበር። "እሺ፣ እሺ" አልኩሽ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ያቺ "እሺ፣ እሺ" ስንት እንዳስከፈለችኝ ይኸው ዛሬ እያየሁ ነው።

ሐኪሙ ለእናትሽ የደም ግፊት "ጨው ቀንሺ" ብሏት ስለነበር መጀመሪያ የገጠምሽው እኛው ቤት ነው። ቦይለሩን አብረን አጸዳን፣ የኔን ማሽን ነቀልሽ፣ ያንቺን ተከልሽ። ለእናትሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ጥርሴን የነቀልሽኝ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ አዋላጇ ጠራችሽ። በእጇ የተወለድሽ ሴትዮ! ብቻሽን የሠራሽው የመጀመሪያ ቤት የሷ ነበር። ማታ ራት ላይ "ጨረስኩት አባዬ" ስትዪኝ "ጎበዝ" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዳቦውን አቀብዪኝ አልኩሽ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቀን በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ሳልፍ ማለቴ ውሸት ነው፤ አስቤበት ነው የሄድኩት። አዋላጇ ሁለቱን እህቶቿንና የሥራ ባልደረቦቿን ምሳ ጋብዛለች፤ አንቺም ከእንግዶቹ መሃል ተቀምጠሻል፣ በዚያ ሰማያዊ ሸሚዝሽ። ሁሉም ሥራሽን ያመሰግኑልኛል። "እስቲ እንየዋ" ብዬ የመለኪያ ብልቃጤን ከኪሴ አወጣሁ።

መለኪያዬን ታውቂዋለሽ። የተቀዳው ውሃ ከብልቃጡ ጠብ ሲደረግበት ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብታ እየጨመሩ መቁጠር ነው። ጠብታው በበዛ ቁጥር ኖራው በዝቷል። በኔ ማሽን ያለፈ ውሃ ገና በመጀመሪያው ጠብታ ሰማያዊ ይሆናል፤ በዚህች ጨዋታ ነው በየቤቱ ስም ያወጣሁት። ያን ቀን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰማያዊ ሆነ።

"እትዬ፣" አልኳት አዋላጇን፣ "ከመንገድ የሚመጣውም አሥራ ዘጠኝ፣ በዚህ ያለፈውም አሥራ ዘጠኝ። ኢንጂነሯ ባዶ ቆርቆሮ ገጥማልሻለች!"

አንቺ ተነስተሽ ወደ ጆሮዬ ቀረብ አልሽ። ሰው ፊት ልታሳፍሪኝ አልፈለግሽም። "አባዬ፣ አያወጣውም ብዬህ ነበር እኮ። ጠብታው ይሄን አያሳይም" አልሽኝ በቀስታ።

"ውሃን ከኔ በላይ ልታውቂ ነው?" አልኩ። ከዚያም ያቺን ቃል ጨመርኩ። "እኔ ሌባ አላሳደግኩም።"

አዋላጇ ብርጭቆዋን አስቀምጣ "አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ" አለችኝ። አልሰበሰብኩም። መፍቻዬን ይዤ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ገባሁና መሣሪያሽን መፍታት ጀመርኩ። ከሥሩ ጨለማ ነው፤ ምንም አይታየኝም። በኋላ ብርሃን መጣ። ለካ አንቺ ነሽ፤ እንደ ሁልጊዜው ጎኔ ተንበርክከሽ ባትሪ ታበሪልኛለሽ። ሥራሽን ስፈታብሽ፣ እንዳልሳሳት ያበራሽልኝ አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልሽ። በዚያ ብርሃን ሥራሽን አየሁት። መገጣጠሚያው ሁሉ ልክክ ያለ፣ አንዲት ጠብታ የማያስመልጥ ነበር። እኔ በዕድሜሽ እንደዚያ አልሠራሁም። ያናደደኝ እኮ ጠብታው አልነበረም። ጨው የማያስፈልገው ቤት እኔን ለምን ይፈልገኛል? ይሄ ነው ያስፈራኝ። ፍርሃቴን ለልጄ መንገር ሲያቅተኝ ልጄን ሌባ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት እናትሽን ስመሽ ሄድሽ። እኔ ወርክሾፑ ውስጥ ሆኜ የተለየውን ብሎን እንደገና እለያለሁ። የታክሲው በር ሲዘጋ ሰማሁ። አልወጣሁም። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ወርክሾፑ ያው ነው፤ እቃው በቦታው ነው፤ ሰው ግን የለበትም። አንዳንዴ ሳላስበው "አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻውን አቀብዪኝ" ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። እጄ እንደተዘረጋ ይቀራል። አንድ ደንበኛ እንዲህ ሲያየኝ መፍቻውን አንስቶ ሰጠኝ፤ አመሰገንኩት፤ ጠላሁትም።

ቤታችን ያለውን መሣሪያሽንም ልነቅለው ነበር። እናትሽ ከፊቱ ቆማ "የልጄን የእጅ ሥራ ከነካህ ከዚህ ቤት አንዳችን እንወጣለን" አለችኝ። ማን እንደሚወጣ ስለማውቅ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ ሐሙስ ልመለስ። መሮውን፣ መዶሻውን፣ ባልዲውን አሰልፌ የቦይለሩን ክዳን ከፈትኩ። በዓመት ከአራት ወር የሚጋገረውን አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ባልዲ ይሞላል። የማሞቂያውን ብረት ስስበው ግን ብረት ነው የወጣው። ብረት! ኖራ አልያዘውም። ከሥር ትንሽ ነጭ ዱቄት ተኝቷል። በጣቴ ጠረግኩት፣ ተጠረገ። መሮዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

የከተማው ውሃ ተለውጦ ይሆናል አልኩ። ይኸው አሁንም ላምንሽ አልፈለግኩም! ብልቃጤን አምጥቼ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ። እናትሽን ጠርቼ ባሳያት ትከሻዋን ሰበቀች። "ምን ይገርማል? ማንቆርቆሪያዬን ዓመት ሙሉ በጨርቅ ብቻ ነው የማጸዳው። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አያወጣውም፣ እንዳይጣበቅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ያሳለፍኩት ቃል ያን ጊዜ ጆሮዬ ገባ። ያልገባሽልኝን ቃል አፈረስሽ ብዬ ነው በሰው ፊት ያዋረድኩሽ። ባልዲውን ደፍቼ ተቀመጥኩበትና አለቀስኩ። እናትሽ እንዳትሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት። "ውሃ አታባክን!" ብላ ጮኸችብኝ።

ሳሙናውማ ዛሬም እንደልብ አረፋ አይሰጥም፤ አልደብቅሽም። ለአዋላጇ ይሄንንም አስቀድመሽ ነግረሻት ነበር አሉ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ለአንድ ደንበኛ የማሽኔን ጉድለት ነግሬ አላውቅም።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። አዋላጇን "እነዚያኑ ሰዎች ሰብስቢልኝ" ብዬ ለምኛት ሄድኩ። ተረኛ ከሆነችው አንዷ ነርስ በቀር ሁሉም መጥተዋል። መሃላቸው ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። "ልጄ ትክክል ነበረች። እኔ አልሰማኋትም። ሌባ ያልኳት በውሸት ነው" አልኩ።

አዋላጇ አየችኝ አየችኝና "ለኛ ምን ትነግረናለህ?" አለች። "እኛ መቼ አመንህ? ያን ቀን የታዘብነው አንተን ነው እንጂ እሷን አይደለም።"

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያም ቅልል ብሎኝ አያውቅም። ስምሽ አንድም ቀን አልቆሸሸም ማለት ነው። ያን ቀን የፈታሁትን መሣሪያሽን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበርና መልሼ ገጠምኩላት። ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ሠራሁ። እንዳንቺ ልክክ አላለልኝም፤ ሁለት ጊዜ አንጠባጥቦ ነው የያዘልኝ። እትዬ ጨርቅ እያቀበለችኝ ዝም ብላ ሳቀችብኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሥራ አለና ነይ ልልሽ አይደለም። በሄድሽበት የራስሽ ደንበኛ፣ የራስሽ ወርክሾፕ ቁልፍ እንዳለሽ እናትሽ ነግራኛለች። ይቅር በዪኝ፤ መቼ ይቅር እንደምትዪኝ ያንቺ ነው። አልቸኩልሽም።

አንድ የማታውቂው ነገር ብቻ ልንገርሽ። እናትሽ እሁድ እሁድ ስትደውልልሽ ድምፅ ማጉያውን የማስከፍታት እኔ ነኝ። አጠገቧ ነው የምቀመጠው። ሳል ሲመጣብኝ አፌን በትራስ አፍናለሁ። ስለ ሥራሽ ስታወሪ፣ ጉንፋን ስትይዥ፣ አከራይሽን ስታሚ ሁሉንም ሰምቻለሁ። በየእሁዱ ልትዘጊ ስትዪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "አባዬስ?" ትያታለሽ። አንድም እሁድ ሳትጠይቂ ቀርተሽ አታውቂም። እሷ ዞር ብላ ታየኛለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሷም "ደህና ነው" ትልሻለች።

ይህ ደብዳቤ እሮብ ይደርስሻል። በሚመጣው እሁድ የምደውልልሽ እኔ ነኝ። ብታነሺው፣ "አባዬስ?" ብትዪ፣ እኔው ራሴ እመልስልሻለሁ።

ደህና አይደለሁም ልጄ። ናፍቀሽኛል።

አባትሽ