የእትዬ ማርታ አበባ ሥር አወጣ

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ 2014፣ ጂንካ

የአከራዬን የእትዬ ማርታን አበባ፣ ያንን ቅጠሉ ወፋፍራሙን፣ በሞተሬ የጨፈለቅኩት እኔ ነኝ። ከሶዶ ይዘውት የመጡት ነው፤ አለቀሱ። እኔን ምን ያቅተኛል! "ከቅጠሉ አበቅልልዎታለሁ" ብዬ የተረፉትን አምስት ቅጠሎች ተከልኩና ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሦስቱ በሰበሱ።

እትዬ የቀሩትን ሁለቱን ነቅለው ጥላ ቦታ አሰጧቸው።

"አንተ ጉረኛ፣ የስኳር ድንች ሐረግ እንኳ ሳይጠወልግ ይተከላል? የተቆረጠበት ቁስሉ መጀመሪያ ይድረቅ እንጂ!"

ዛሬ ከቸርች ሲመለሱ ከአንዱ ቅጠል የወጣች ክር የምታክል ሥር አሳየኋቸው። ሳቁ። ከቤቴ ውጣ ማለት ሲችሉ አስተማሩኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ለሰፈሩ ሁሉ ግን "እኔ ነኝ ያዳንኩት" ብያለሁ። ጎረቤት እሳቸውን ሲጠይቅ ሰማሁ።

"አዎ፣ እሱ ነው" አሉልኝ።