የሐጂ ሞኽታርን ስም የደጋገመው መርገጫ

ለውድ ወንድሜ ለሙንጂ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ፣ ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስለቅስህ ጥርስህስ እንዴት ነው? ሰንያ ደኅና ናት ወይ? ትንሿ ኤያ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ አሁንም በዳዴ ናት? የጄኖቫ ብርድ አይንካችሁ። እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን፤ ኦክቶፐሱም መያዝ ጀምሯል።

ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም፣ ነገሩ ለመጻፍ ስለከበደኝ ነው። ያ የላክህልን ድምፅ ቀድቶ የሚደግም የእግር መርገጫ ሣጥን ጉድ ሠርቶናል።

መጀመሪያ ላይማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የአባባ ቀኝ እጅ ከደከመ ወዲህ ሠርግ ሙሉ ከበሮ መምታት ፈተና ሆኖበት እንደነበር ታውቃለህ። በመርገጫው ግን ትንሽ ይመታል፣ እኔ በእግሬ ጫን አደርገዋለሁ፣ ሣጥኑ ምቱን ይዞ ሳያቋርጥ ይደጋግመዋል። እሱ ዐረፍ ይላል፣ እኔ ዙክራ መለከቴን እነፋለሁ። አባባ የመጀመሪያ ቀን ሣጥኑን አገላብጦ አየውና "ይሄኛው ልጅ ይሻላል፤ እንደናንተ ሻይ አምጡልኝ አይልም" ብሎ አስቆን ነበር።

ከዚያ የቡበከር ልጅ ሹክሪ የሐጂ ሞኽታርን የወንድም ልጅ ሲያገባ ጠሩን። ሁለቱ ቤቶች በሰው ፊት እንዴት እንደሚፎካከሩ ላንተ አይነገርም። ሙሽራዪቱ ለጭፈራ ስትነሳ አባባ ምቱን ጀመረ፣ እኔም መርገጫውን ጫንኩ። በዚያችው ቅጽበት ሐጂ ሞኽታር ተነስቶ ሸለመ። አባባም እንደ ወጉ፣ በዚያ በምታውቀው ድምፁ፣ "ይህ ከሐጂ ሞኽታር ቤት ነው! ቤቱ አይጉደል!" ብሎ ጮኸ። ሣጥኑ ለካ ከበሮውንም ጩኸቱንም አብሮ ውጦታል። ምቱ ዞሮ በመጣ ቁጥር "ይህ ከሐጂ ሞኽታር ቤት ነው! ቤቱ አይጉደል!" ይላል።

ማጥፋት እችል ነበር። ግን ሙሽራ እየጨፈረች ከበሮ ከተቋረጠ ሰዉ "ትዳሯን በጠሱባት" እንደሚል አንተም ታውቃለህ። ሴቶቹ መጀመሪያ ስቀው እልል አሉ፣ እኔም አሁን ትቀመጣለች እያልኩ ነፋሁ። ቡበከር ተነስቶ ሸለመ፣ አባባ ስሙን ጠራለት። የእሱ ግን አንዴ ተሰምቶ ቀረ፤ ሣጥኑ ተመልሶ ሐጂውን ማሞገስ ያዘ። ሽልማቱን ቢጨምርም ያው ሆነበት። በመጨረሻ ፊቱ በርበሬ መስሎ "አንተ ፍራጅ፣ በስንት ሸጥኸን? ከሌላ ቢሆን አይገርመኝም ነበር!" ብሎ አባባን በስሙ ጠርቶ ጮኸበት። የሐጂው ልጆችም "እጁ የታሰረ ስሙ አይጠራም!" ብለው ቡበከርን ንፉግ አደረጉት። ወንበር ተነሳ፣ ሙሽራዪቱ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ነው ያጠፋሁት።

በማግስቱ አባባ ለይቅርታ ሲነሳ "ጥፋቱ የዕቃው ነው በላቸው" አልኩት። "ድምፁስ የማን ነው?" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የአንዱን ቤት ከሌላው ሳያስበልጥ የኖረ ሰው ነው። ቡበከር ይቅርታውን በደስታ ተቀበለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ግን አባባን ሰበረው፤ "የታናሹ ልጄ ሠርግ ሲደርስ ደግሞ የእኛን ስም እንደዚያ አስደጋግመህ ካሰኝ!" አለው። አባባ "የሰው ክብር ፊቱን አይተህ አንዴ ነው የምትጠራው፤ ከደጋገምከውማ ዓሣ መሸጥ ነው" ብሎት ወጣ። ከበሮውን አልጋ ሥር ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

ደሴቱ ሁሉ አሁን የሚፈልገው ያንን ነው። "ያን ስም የሚደጋግመውን ይዘህ ና" ይሉኛል እንጂ አባትህን ይዘህ ና የሚል የለም። ባለፈው ሐሙስ ብቻዬን ሄድኩ። የአባባ ምት በሣጥኑ ውስጥ ስላለ እሱን ለቀቅኩት። ሙሽራውን አጅበን በቤታችን ሥር ስናልፍ፣ አባባ የገዛ ከበሮውን ሰምቶ መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ምን እንደነፋሁ አላውቅም። በጣም ተጸጽቻለሁ፣ ወንድሜ። አንተን አልወቅስም፤ ለእጁ አስበህ ነው። ሐምሌ ስትመጣ ግን እባክህ አንተ ለምነው፤ እኔ የከበሮ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ወሬ ይለውጥብኛል።

ሰንያን ሰላም በልልኝ፣ ኤያን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ የደረቀ ኦክቶፐስ በሰው እልካለሁ ብላለች፤ ለጥርሱ እንዲለሰልስ ቀቅለሽ ስጪው ብለህ ለሰንያ ንገራት ትላለች። ባለቤቴ ራድያና ልጆቹ ናፍቀሃቸዋል። አባባን "ለሙንጂ ምን ልበልልህ?" ብለው "ሰላም በለው" አለኝ። "ሌላስ?" ስለው "አንዴ ብያለሁ" አለ።

ታናሽ ወንድምህ ላስዓድ
ረምላ፣ ቀርቀና ደሴት
ጥቅምት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.