ፋይሉን መጀመሪያ የፈጠረው ሰው

ለናፍቆቴ፣ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የዓይን ጠብታውን ጠዋትና ማታ እያደረግሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ሲቆረቁርሽ ብቻ? ጎረቤትሽ ነርሷ ግፊትሽ ወረድ ማለቱን ነግራኛለች፣ ተመስገን ብያለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ግን ጥለውኝ ከሄዱ ሰነበቱ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትይ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ይህን ነገር በስልክ ባነሳሁብሽ ቁጥር ኔትወርኩ ይበላሻል። ስለ ዓይንሽ ስናወራ ጥርት ብዬ እሰማሻለሁ። ስለ መምህር ኮምፓስ ስጠይቅሽ ግን አይሰማኝም ትይና ይቋረጣል። አንዴ ሲሆን አመንኩ፣ ሁለቴም ሲሆን አመንኩ፤ በአራተኛው ግን ነገሩ አልጥም አለኝ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግምና ይኸው ጻፍኩልሽ።

ኮምፓስን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ተማሪዎቹ ለእግሩ ርዝመት ያወጡለት ስም ዛሬም አልለቀቀውም። የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሳለሽ በሥርሽ ነበር፤ አንቺ ጡረታ ወጥተሽ እኔ እዚሁ ትምህርት ቤት ስቀጠር ደግሞ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የእሱ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ያልሽኝን አልረሳሁም። ከዚያ ሰውዬ ጋር ነገር አታብዢ፣ ፋይልሽንም አታሳዪው ነበር ያልሽኝ። እኔም ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ሦስት ዓመት ሙሉ በጎሪጥ ሳየው ኖርኩ። ሻይ ሲጋብዘኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። በኋላዬ ሲያልፍ ኮምፒውተሬን እከድናለሁ። ሲያስነጥስ እንኳ ሆን ብሎ ይመስለኝ ነበር።

ብሎጌን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሰኞ ሰኞ ለመምህራን አንድ ምክር አወጣበታለሁ። ሰሌዳ ፎቶ ስታነሱ መስኮት ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ያንጸባርቃል። ፎቶውን ሳታሳንሱ አትለጥፉ፣ በስልኩ የሚከፍተው መምህር ሲጠብቅ ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል። ፋይላችሁን የመጨረሻ ብላችሁ አትሰይሙ፣ በማግስቱ የመጨረሻው መጨረሻ የሚባል ይወለዳል፤ ይልቅ ክፍሉንና ቀኑን ጻፉበት። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ግን ሰው ይወዳቸዋል። ከሁሉ የተወደደው ደግሞ ጡረታ ስትወጪ በፍላሽ የሰጠሽኝ ነው፣ አርባዎቹ የክፍልፋይ መልመጃ ወረቀቶች። እናቴ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኗ ያዘጋጀቻቸው ብዬ አምና አወጣኋቸው። ስንቱ መምህር አመሰገነሽ! አንድ በአንድ በስልክ ሳነብልሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ከወር በፊት ከነዚያው ወረቀቶች ዘጠኙ በመምህራን የቴሌግራም ቡድን ላይ በኮምፓስ ስም ወጡ። ያቺ መልመጃው ላይ የተሳለችው፣ እንቁላሎቿን የምታካፍለው አንካሳ ዶሮ ሳትቀር! ከግርጌው ስሙ፣ ከስሙ ቀጥሎ ፊርማው። ደሜ ፈላ። ስታፍ ሩም ውስጥ ሰው ሁሉ ባለበት ሌባ አልኩት። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና ክፍለ ጊዜ አለኝ ብሎ ወጣ። ንጹሕ ሰው ቢሆን አይከራከርም ነበር ወይ ብዬ ይብስ ጠረጠርኩት። ለርዕሰ መምህሯ ክስ ጻፍኩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ለፊታችን ዓርብ ስምንት ሰዓት ቀጥሮናል። ከተፈረደበት ከማስተማር ይነሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ነገሩን ስነግርሽ ኔትወርኩ ደህና ነበር። አትልቀቂው አልሽኝ። ከዚያ በየቀኑ መደወል ጀመርሽ፣ ተወሰነበት ወይ እያልሽ። እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ እንኳ በሳምንት አንዴ ነበር የምትደውይልኝ። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም። አሁን አሁን ግን ሁሉን ነገር አስተውላለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

ባለፈው ቅዳሜ ለኮሚቴው ማስረጃ ሳዘጋጅ ለሰኞ ምክርም የሚሆን ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ፋይል ጉደኛ ነው እማዬ። ስሙን ብትቀይሪው፣ ግርጌውን ብትፍቂው፣ መጀመሪያ የፈጠረውን ሰው ስምና የተፈጠረበትን ቀን በሆዱ ይዞ ይኖራል። ዝርዝር መረጃ የሚለውን መክፈት ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ፋይልም ከሁለቱ አይሻልም። እናም ያንቺን ፍላሽ ሰካሁ። ስምሽ ሲወጣ በፎቶ አስቀርቼ ሰውዬውን አፉን ላስይዘው ነው።

የዶሮዋን ፋይል ከፈትኩ። የወጣው ስም የኮምፓስ ነው። ቀኑ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።

ክው አልኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አሁንም እሱኑ ነው፣ ይኸ ተንኮለኛ አንቺ ሳታይ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ገብቶ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛውን ከፈትኩ። አርባውንም ከፈትኳቸው። ሠላሳ ስምንቱ በእሱ ስም ነው የተፈጠሩት። በአንቺ ስም ያሉት ሁለቱ ሽፋኑና ማውጫው ናቸው።

ሰኞ ምክር አላወጣሁም። አንባቢዎቼ አመመሽ ወይ ብለው ጻፉልኝ፣ አዎ አልኳቸው።

ትናንት ከሰዓት ተማሪዎች ሲወጡ ኮምፓስ የሚያስተምርበት ክፍል ሄድኩ። ሰሌዳ እያጠፋ ነበር፣ ሳየው ቁመቱ እንኳ ያጠረ መሰለኝ። ያኔ እናቴ ኃላፊ ሳለች ሁላችሁም በአንድ ኮምፒውተር ነበር የምትሠሩት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በልቤ እባክህ አዎ በለኝ እያልኩ ነው። የለም፣ የየራሳችን ነበረን አለኝ። የእሱ ተቃጥሎ ያለው ሁሉ አብሮ እንደጠፋ፣ የቀረችው አንዲት ቅጂ ፈተና ለማተም ብሎ ለሰው ባዋሰው ፍላሽ ውስጥ እንደነበረች፣ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስቴም ጠፋ እንደተባለ ነገረኝ። አምና ብሎጌን ሲከፍት ዶሮዋን አይቶ ለብቻው ሳቀ። ስዕል አይሆንለትምና አንዱ እግሯ አጥሮበት ነው አንካሳ የሆነችው። ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ለልጆቹ ሲያስፈልጉት ዘጠኙን አውርዶ ስሙን መለሰባቸው፣ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ደግሞ ሌባ ያልኩት የራሱን ሥራ ከኔ ብሎግ ላይ ስላነሳ ነው።

ፍላሹን ለማን እንዳዋሰ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ፣ ዓርብስ ምን ልትላቸው ነው ስለው ዳስተሩን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። ኮሚቴው የመሰለውን ይወስን አለኝ። ስወጣ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ አለ። ይኸው ብያለሁ።

እማዬ፣ አፍሬያለሁ። ተናድጃለሁም። ስታፍ ሩሙን ሁሉ ስጠረጥር፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ፓስወርዴን አየችብኝ ብዬ ስጠረጥር፣ በዓለም ላይ የማልጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፍላሾች ተምታተውባት ይሆናል እያልኩ ራሴን ስሸነግል አደርኩ። ግን ሽፋን የሚሠራ ሰው ከሽፋኑ ሥር ያለውን ሳያይ አይቀርም። እንዲህ ብዬ ስጽፍልሽ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ጻፍኩት።

ዓርብ ክሱን አነሳለሁ። ሌባ ባልኩበት ስታፍ ሩም ውስጥ፣ በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ወረቀቶቹን ከማን አገኘሽ ማለታቸው አይቀርም፤ ርዕሰ መምህሯ ነገር የምታሳልፍ ሴት አይደለችም። ከመንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት አልልም። አልዋሽም እማዬ፣ ልዋሽ ብልም እንደማይሆንልኝ ታውቂዋለሽ። ከእናቴ ነው እላለሁ።

አንቺ ከመጣሽ ግን እኔ አፌን አልከፍትም። የሚነገረውን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ሰው ያየሽ እንደሆነ እኔንም ይየኝ። አንቺን አሳልፌ ለመስጠት አይደለም የጻፍኩልሽ፣ እንዲያውም ቀድሜ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ደብዳቤውን ለመድኃኒት ወደዚህ የመጣችው ነርሷ ነገ ታደርስልሻለች። ምን እንዳለበት አታውቅም።

ፈጣሪ የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ። ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል እቆማለሁ።

አሁንም ልጅሽ