ገና ያልሞላችውን ሚኒባስ አይደምስሱ

ለተከበሩ ጋሽ ተክለወልድ፣ ከአሰላ መናኸሪያ ጀርባ ላለው የጌም ቤት ባለቤትና የአራት ቴሌቪዥኖች አስተዳዳሪ፤

ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጉልበትዎን እንዳይደፍረው፣ ጀነሬተርዎም እንደ እርስዎ ድምፅ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንዲሰማ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው አላጻፍኩም፤ በማታው ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ስለሆንኩ (ሌሎቹ ሁለቱ ይመስክሩ) በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ማስታወቂያም በርዎ ላይ የለጠፉት ነው፦ «ማሽኑ ላይ ቦታ ስለጠበበ፣ ባለቤቱ የማይመጣ የተቀመጠ ጨዋታ ዓርብ ይደመሰሳል።» ፊደል መቁጠሬ ለዚህ ስለበጀ አመሰግናለሁ።

የማይመጣው ባለቤት ሾፌሩ ከሊፋ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እኔ የሮቤ መስመር ረዳቱ ነበርኩ። ስለዚህ አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በቤትዎ የጨዋ ልጅ ሁሉ ሾፌርን በኮሌታው ጎትቶ እያወረደ መኪናውን ገደል ይከታል፤ መኪናው ነዳጅ አይጠጣ፣ ጎሚስታ ደጅ አይቆም፣ የተገጨውም ሰው አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ቦታ አለዎት። ከሊፋ ግን እዚያው ጌም ውስጥ ሚኒባስ ይዞ፣ መንገድ ዳር በሩን ከፍቶ፣ ሰው እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ልጆቹ «ሼባው፣ እነሱ እኮ አሻንጉሊት ናቸው!» ብለው ሲስቁበት፣ «አሻንጉሊትስ ቢሆን፣ በዚህ ፀሐይ በእግሩ ይሂድ?» አላቸው። ለዚህች ለአንዲት ሚኒባስ ቦታ ስለጠበበዎት አዝንልዎታለሁ።

ሁለተኛ፤ ካርታው ላይ አንዴ ተጭኖ የፈለጉት አገር መድረስ እንደሚቻል ያሳዩት እርስዎ ነበሩ። እሱ «ያልሄድኩበትን መንገድ ደረስኩ ልበል?» ብሎ ያንን ሁሉ ዳገት ቀስ እያለ ሲነዳ፣ በሰዓት ያስከፍሉት ስለነበር ቦታው ያኔ ሰፊ ነበር።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ክረምት ተራችን ደርሶ፣ «ሮቤ፣ ሮቤ፣ የቀረው አንድ ሰው!» እያልኩ ሞላሁና በሩን መትቼ «ሳበው!» አልኩ። አልሳበውም። ደግሜ መታሁ። ተሳፋሪው «እንቅልፍ ወስዶታል» ብሎ ሳቀ፤ ቀልድ የማያልፈኝ እኔም ሳቅሁ። ከሊፋ መሪውን እንደያዘ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ኢፍቱ በገበያ ቀን ጎራ እያለች ጌሙን ታስከፍታለች። አትነካም፤ ታያለች እንጂ። ሚኒባሷ እሱ ባቆማት ቦታ በሯ እንደተከፈተ ነው። መጀመሪያ ባዶ ነበረች። ከዚያ መንገደኞቹ ዙሪያዋን መቆም ጀመሩ። አሁን ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ወደ ፊት ያያሉ፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። እርስዎ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉ፤ እርስዎ ካሉ ተበላሽቷል። ከኢፍቱ አፍ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው፦ «ገና አልሞላም።»

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ ሞልታ እስክትነሳ ድረስ እንዲታገሡ ነው። ስትሞላ «ሳበው!» የምለው እኔ ነኝ። ያን ቀንም ካልሳበው፣ ዓርቡም ቅዳሜውም የእርስዎ ይሁን፤ ኢፍቱን ይዤ ከደጅዎ እሄዳለሁ።

ለደግነትዎ ስፋት ቃል ያጠረኝ፣ ፊደል ግን ያላጠረኝ፣ አክባሪዎ
ሙንተሲር ከዲሮ
የቀድሞ የሮቤ መስመር ረዳት፣ የዛሬ የማታ ትምህርት ኩራት

ይህንንም ልጨምር፦ ትናንት ሚኒባሷ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ ነበር። በሯ ላይ አንድ ደልደል ያለ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ቡናማ ባርኔጣ አድርጓል፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አለ። እርስዎ ነዎት አላልኩም፤ ያላረጋገጥኩትን እንዳልጽፍ አስተማሪዬ አስጠንቅቀውኛል። ብቻ ዓርብ ጣትዎን ከመጫንዎ በፊት፣ እዚያ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ቢሉ የሚሰማ ረዳት እንደሌለ ይወቁት።