ጉም ያገደው መርዶ

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

አሥራ ሁለት ሰው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አትላንታ ዳር ዲኬተር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ሲቆምባት በምትጠብ ደጄ ላይ አሥራ ሁለት ሰው። በሩን ከፍቼ ሳያቸው ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባኝ። አበሻ በዚያ ሰዓት ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

አባባ ሞቷል። ድሬዳዋ፣ በገዛ አልጋው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት።

ይህን ለመናገር ጋሽ ወርቁ ከአዳም ጀመሩ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ማይክሮፎን በሌለበትም ማይክሮፎን እንደያዙ ነው የሚናገሩት። አዳም ሞተ፣ ኖኅ ሞተ፣ አብርሃም ሞተ። ዳዊት ላይ ሲደርሱ ትዕግሥቴ አለቀና "እኮ ማን ነው የሞተው?" አልኳቸው። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ደረቴን እንዳልደቃ ሁለቱን እጆቼን ጥርቅም አድርገው ያዙ። ልደቃ አላሰብኩም። አላለቀስኩም። ቅር አላቸው። ኩሽና ውስጥ አንዷ "ደረቅ ናት" ስትል ሰማኋት፣ በእኔው ብርጭቆ ውኃ እየጠጣች።

የሚያቃጥለው ደግሞ፣ የሰሙት ቅዳሜ ነው። ትናንት ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ቆመው ስለ ሙቀቱ ሲያማርሩ፣ "ምነው ከሳሽ?" ሲሉኝ፣ እትዬ አስካለ ሁሉንም ያውቁ ነበር።

ከእኔ ሲጨርሱ ወደ ወንድሜ ዞሩ። ጌታሁን በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ከግንቦት ወዲህ አላስካ፣ ምድር የምታልቅበት ሰሜን ጫፍ፣ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ሳህን ያጥባል። ዛሬውኑ ደውዬ ልንገረው አልኩ። ጋሽ ወርቁ የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ። "ብቻውን ነው። ማን ይዞት ነው የሚሰማው?"

ስለዚህ በሰበብ ተጠርቶ አትላንታ ይምጣ፣ በልቶ ይደር፣ ሲነጋ በወገን መሀል ይረዳ ተባለ። ሰበቡን እየመከሩ ቁርስ በሉ። የእኔን ቁርስ።

ታማለች ይባል። ይደነግጣል፣ ቀረ።
ኢሚግሬሽን ይፈልግሃል ይባል። ጭራሽ ይጠፋል፣ ቀረ።
ልታገባ ነው ይባል። ጸደቀ።

ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው፣ ታላቅ ወንድም በሌለበት መልስ አይሰጥም፣ ይምጣ። ሙሽራው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ጥግ ላይ ተቀምጦ ሦስተኛ ዳቦውን ወደሚገምጠው መስፍን ዞሩ። ታክሲ ነጂ ነው። አልተቃወመም። ማኘኩንም አላቆመም።

አባቴ መሞቱን በሰማሁበት ቀን ታጨሁ። ይሄ ሕዝብ ጤና የለውም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሥራ ገባሁ። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሆቴል፣ ምድር ቤት፣ አንሶላ አጥባለሁ። ውጭው ይነዳል፣ ውስጡ ከውጭው ይብሳል። ዝናብ ካየን ቆየን፣ ሳሩ ሁሉ ገለባ ሆኗል። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ከረቫቱን አሳምሮ በየምሽቱ "ምናልባት" ይላል። ለዚህች ለ"ምናልባት" ደመወዝ ይቆርጡለታል።

ለአለቃዬ አልነገርኩም። "ሶሪ" ብሎኝ ወዲያው ስለ ትራስ ልብስ እንዲያወራኝ አልፈለግኩም።

ከሥራ ስመለስ ካምፑ ደወልኩ። እስኪጠሩት ድረስ እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው ፊቴን ያጠናሉ። እንዳላለቅስ ሊጠብቁኝ ነው የመጡት። ትናንት ስላላለቀስኩ ያሙኝ ሰዎች ዛሬ እንዳላለቅስ ዘብ ይቆሙብኛል።

"ጌታሁን፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነውና አንተ ከሌለህ..." ብዬ ሳልጨርስ "እመጣለሁ" አለኝ። እንዲያውም ቫኬሽን ጠይቆ ኖሯል፣ ነገ በሚነሳው ትንሽ አውሮፕላን አንኮሬጅ ይገባል፣ ከዚያ ወደዚህ።

የሙሽራውን ስም አልጠየቀም። አገሩን አልጠየቀም። ሥራውን አልጠየቀም። ላም ተሸጠች ቢሉት እንኳ ሰው ገዢው ማን ነው ይላል። እሱ ምን አለኝ? ትናንት በረዶ እንደጣለ፣ በሐምሌ ማለት ነው፣ ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ትንኝ ፊታቸውን እንደበላው፣ የወጥ ቤቱ ሠራተኞች ጠዋት በካፖርት ገብተው ቀትር ላይ በካናቴራ እንደሚወጡ። አሥር ደቂቃ ሙሉ።

የእውነት ሙሽራ ብሆን ኖሮ እንዴት እንደምቀየመው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ጉም።

ከሥራ ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ከባሕሩ የተነሳ ጉም ካምፑን ውጦታል፣ ሳህን ከሚያጥብበት መስኮት የባንዲራውን እንጨት እንኳ ማየት አልተቻለም።

"ፍላይቱ ካንስል ሆነ። ምናልባት ነገ" አለኝ።

እሱም ምናልባት።

ከዚያ ማን አብሮሽ አለ አለኝ። ማንም አልኩ። እትዬ አስካለ እዚያው ሶፋዬ ላይ ናቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው። እራት በላሽ ወይ አለኝ። በላሁ አልኩት። ምን በላሽ? ምን አገባህ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ከትናንት ወዲህ የቀመስኩት ነገር የለም። ስለ ነፋሱ ቀጠለ። ሁለት ሰዓት ከሰሜን ይነፍስና ብርድ ይሆናል፣ ዞር ይልና ሙቀት ይሆናል፣ ማንም አያምነውም። ጌታሁን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዓረፍተ ነገር የሚቆጥብ ሰው ነበር። ሰሜኑ አፉን ከፍቶታል።

ማምሻውን መስፍን መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ በዚህ ሙቀት። ወንድምሽ ሲመጣ እንዳንደናገር ትንሽ እንነጋገር አለኝ። የሚወደኝ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የት እንደተዋወቅን። ዶራቪል ግሮሰሪ ውስጥ ነው የተዋወቅነው እንበል አለኝ። ለቅሶ ላይ ነው የተዋወቅነው፣ እሱን እንበል አልኩት። አልገባውም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ጉም። ጠዋት ገለጥ ብሎ አውሮፕላኑ ከአንኮሬጅ ተነስቶ ነበር አሉ፣ ካምፑ ራስ ላይ ሁለቴ ዞሮ መሬቱን ሳያይ ተመለሰ።

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ።

ስለ ጉሙ ተናግሮ ሲጨርስ "ከቤት ደብዳቤ ደርሶሻል?" አለኝ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

"ደርሶኛል" አልኩት። "ደህና ናቸው።"

"ደህና ናቸው?"

"ሁሉም ደህና። አባባም ጉልበቱን ትንሽ ቢያመው ነው እንጂ።"

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ "ተመስገን" አለ፣ እንደገና ስለ ትንኝ ጀመረ።

ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ራሴን ናቅሁት። ጋሽ ወርቁን እንቃለሁ፣ እትዬ አስካለን እንቃለሁ፣ መስፍንን ከነሱፉ እንቃለሁ፤ የሞተ አባቱን ጉልበቱን ያመዋል ብላ ለወንድሟ ያወራችው ግን እኔ ነኝ። ማንም አፌን ይዞ አልተናገረልኝም። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እትዬ አስካለ "ጎበዝ፣ በደንብ ዋሸሽ" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ጉሙ ለሁለት ሰዓት ተገፈፈ። ጌታሁን አንኮሬጅ ደርሷል። ነገ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነው።

እዚህ ደግሞ ሌላ ጉም። ማኅበሩ ማን ይናገር በሚል ተጣልቷል። አንዱ ወገን ጋሽ ወርቁ ይበቃቸዋል፣ ሰኞም ተናግረዋል ይላል። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ሰኞ የተናገሩት በሰብለ መቋረጡን ጠቅሰው መብታቸውን አስከበሩ። ሰብለ እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይ እንደ ረባሽ ተመዘገብኩ።

የሚሠራው ዝርዝር በእትዬ አስካለ እጅ ተጽፎ ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል፦ ቅዳሜ ማታ ጠግቦ ይብላ። የአባትየው ፎቶግራፍ ከግድግዳው ይነሳ። ሰብለ ጥቁር እንዳትለብስ። ሰብለ ሳቅ ትበል።

ፎቶግራፉን አነሳሁት። መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣ ሥር ደበቅኩት። አባባ የምድር ባቡር ኮፍያውን አድርጎ ነው የተነሳው፣ ቲኬት ሲቆርጥ እንደነበረው ቆፍጠን ብሎ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጮክ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ቤት ውስጥ ማንም ስላልነበረ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ለሃያ ደቂቃ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ዛሬስ ፀሐይ ነው ብሎ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

መጣ። ከስቷል። በአትላንታ ሙቀት ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ ከኤርፖርቱ በር ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። መስፍን አበባ ይዞ ቆሟል። ጌታሁን ጨበጠውና አለፈው። እኔን አቅፎ አልለቅ አለኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጋል። ሙሽራ እንዲህ አትታቀፍም ብዬ አሰብኩ፣ ሐሳቡም አልፎ ሄደ።

እራት ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ አመሸ። እኔ እሱን ብላ እላለሁ፣ እሱ እኔን ብዪ ይላል። ጉርሻ በጉርሻ ላይ። እትዬ አስካለ ከፊት ለፊት ተቀምጠው ስንቴ እንደጎረሰ ይቆጥራሉ። መስፍን ማንም ሳያጎርሰው ጠገበ። ጌታሁን አንድም ጊዜ ስለ ሰርጉ አላነሳም፣ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉ የነበረበትን ቦታ ግን አየት አደረገ። የት ሄደ አላለኝም።

ሶፋው ላይ አነጠፍኩለት። ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ። ምንም ሳያውቅ ይተኛል ብዬ ስመለከተው አሳዘነኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

በአሥር ሰዓት ተኩል ቀሰቀሰኝ። እሱ እኔን።

ለብሷል። ጥቁር ሹራብ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ቀድቶ ዳቦ ቆርሶ አስቀምጧል። "ትንሽ ቅመሺ" አለኝ። ልቀምስ አልቻልኩም። ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቤ ተቀመጠና ሁለቱን እጆቼን ያዘ፣ አጥብቆ። ያን አያያዝ አወቅኩት።

"ሰብሊ፣ አባባ..." አለ። ሊጨርሰው አልቻለም።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"መቼ?"

"ሰኞ።"

ተያየን። እኔ መርዶ ሊረዳ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ሊያረዳኝ ነው የመጣው። አክስታችን ደብዳቤውን የላከችው ለእሱ ነው፤ አንተ ታላቅ ነህ፣ በስልክ እንዳትነግራት፣ ሄደህ ይዘሃት ንገራት ብላ። በማግስቱ ቫኬሽን ጠየቀ። ከሰኞ በፊት፣ እኔ ከመስማቴ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ። ያን ሁሉ የበረዶና የትንኝ ወሬ ያወራው ሌላ የሚያወራው ስላልነበረ ነው። ዝም ካለ ያመልጠዋል፤ ስለ ቤት ካወራ ይዋሻል። እኔ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል አልኩት።

"ሰርጉስ?" አለኝ።

"ውሸት ነው።"

"ተመስገን። ሰውየውን አልወደድኩትም።" ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። ከዚያ እጄን ሳይለቅ "ሲነግሩሽ ማን ነበር አጠገብሽ?" አለ።

"አሥራ ሁለት ሰው።"

ዓይኑን ጨፈነ። ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት መሰለ።

"አንተንስ?"

"ማንም። ደብዳቤው ኪችን ድረስ መጣ። አነበብኩት። ሺፍቴ አላለቀም ነበር፣ ሳህኑን ጨረስኩ። ሲጨልም ወጥቼ ላልቅስ ብዬ ውጭ ቆምኩ። እዚያ በሐምሌ አይጨልምም፣ ሰብሊ። እስከ ማግስቱ ቆሜ ጠበቅኩ፣ አልጨለመም። ሰው ሁሉ ያያል። ተመልሼ ሥራ ገባሁ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለአባባ ይሁን ለእሱ አላውቅም፣ ድምፄ ወጣ፣ ታች ያለችው አሜሪካዊት ጣሪያዋን በመጥረጊያ መታች። ሳምንት ሙሉ የናቅኳቸው ሰዎች፣ ዳቦዬን የበሉ፣ ሶፋዬን የሞሉ፣ እጄን ጥርቅም አድርገው የያዙ። እንዲያ አድርጎ የእሱን እጅ የሚይዝ አንድ ሰው እዚያ ካምፕ ቢኖር ብዬ አለቀስኩ።

በአሥራ አንድ ሰዓት መጡ። ጋሽ ወርቁ ዓይናችንን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቀሩ፤ ያዘጋጁት ንግግር ፊታቸው ላይ ሲከስም አየሁት። ማን ነገረው ብለው ሊቆጡኝ ሲሉ ጌታሁን ተነስቶ እጅ ነሳቸው።

"ጋሽ ወርቁ፣ እባክዎ ይንገሩኝ" አላቸው። "እንዳልሰማሁ አድርገው ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ገቡ፣ ሁሉም ገቡ፣ መሀል ላይ አስቀመጡት። እትዬ አስካለ አንድ እጁን ያዙ። ሌላውን መስፍን ያዘ። ጋሽ ወርቁ ነገሩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሁለት ቃል። ወንድሜ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አልለቀቁትም።

ይህን የምጽፈው ከቀትር በኋላ ነው። ቤቱ ሞልቷል፣ ወንበር ከታች ከአሜሪካዊቷ ተበደርን። ጌታሁን በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉን ከፍቶ። ካምፑ ሐሙስ ተመለስ ብሎታል። ሲነቃ እዚሁ ቅር ልለው ነው። እሺ ይለኝ እንደሆነ አላውቅም።