ግራጫዋ በማርሽ፣ ነጯ ያለ ማርሽ

መስከረም 4

በርበሬ ስጠብስ ዋልኩ። ቀዩን፣ ረጅሙን። ጠበስኩ፣ ላጥኩ፣ ጠርሙስ ሞላሁ። አስራ ሁለት ጠርሙስ። ለማን ነው ግን? ባለቤቴ ዳፊና በነበረችበት ጊዜ ልክ ነው የሠራሁት… እጅ ለምዶ።

ከሰዓት ጨው ልገዛ አሮጊቷን መኪና አስነስቼ ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ጨሰች። ቃጠሎ ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑን ብረግጥ ባዶ። መካኒኩ ታሾ በትራክተር ጎትቶ ወሰዳት። ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ እያየ። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ፊት ብቻ እያየሁ ተጎተትኩ።

ይህ ደብተር የዳፊና ነው። የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዘይት የተቀየረበትን፣ ጎማ የተነፋበትን ቀን ትጽፍበት ነበር። ከኋላ ብዙ ገጽ ባዶ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ጽሕፈት አይሆንልኝም። ባዶ ገጽ መጣል ግን አልወድም።

መስከረም 6

ታሾ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከመኪናዋ ሥር ወጣ።

"ጋሼ ሃራላምፒ፣ ፍሪሲዮኑ ከሰል ሆኗል። ካምቢዮውም አብሮ ሄዷል። ይቺ በቃት።"

"ሥራት።"

"ምኗን ልሥራው? ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ። በእርጅና ወጓ ትረፍ።"

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ግን… በስንተኛ ማርሽ ነው የሚነሱት?"

"በአንደኛ ነዋ! ሰው በስንተኛ ሊነሳ ነው?"

ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አስተያየቱን አልወደድኩትም።

መስከረም 9

ልጄ ኔቬና ከከተማ ደወለች። ማን እንደነገራት እንጃ።

"አባዬ፣ አውቶቡሱ ከቀረ ሁለት ዓመቱ። መድኃኒትህን ማን ያመጣልሃል?"

"እኔ አመጣለሁ።"

"በምን?"

"በመኪና።"

"በየትኛው መኪና አባዬ?"

ተጯጯህን። እኛ ጋ ና አለች። አራተኛ ፎቅ። ልብስ ከማስጣት ሌላ ሥራ የሌለው በረንዳ። አንዴ ሳምንት ተቀምጬበት አውቃለሁ፣ ሰዎች ከታች ውሻ ሲያናፍሱ እያየሁ። እኔስ ከውሾቹ በምን ተለየሁ?

አፌ አያርፍም። "ለእናትሽ ሙት ዓመት በራሴ መኪና፣ ራሴ ነድቼ እመጣለሁ!" አልኳት። ዳፊና የተቀበረችው ከጋራው ማዶ ነው፣ በተወለደችበት መንደር፣ እናቷ አጠገብ። ራሷ ናት እዚያ ቅበሩኝ ያለችው። ጥቅምት 20 ቀን ሙት ዓመቷ ነው።

"ካልመጣህስ?"

"ካልመጣሁ መጥተሽ ሻንጣዬን ውሰጂ።"

"ሻንጣውን ከነባለቤቱ" አለችና ዘጋችው።

ለምን አልኩ?

መስከረም 13

ታሾ ታች ከተማ መኪና መሸጫ ወሰደኝ። ሻጩ ጌንቾ ይባላል። ሲጋራው ከከንፈሩ አይወርድም፣ አፉም አይዘጋም።

"ይቺ ግራጫዋ ናፍጣ ናት። ሞተሯ አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ አምስት ማርሽ። ጋራ ስትወጣ በሬ ናት። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታስላለች፣ ካሳለች በኋላ ግን ማን ያቆማታል! ያቺ ነጯ ቤንዚን ናት፣ አንድ ነጥብ አራት፣ አውቶማቲክ። ትንሽ መጠጥ ትወዳለች። የነበረችው መድኃኒት ቤት ያላቸው ሴትዮ ጋ ነው። መሪዋን በጓንት ነበር የሚይዙት።"

ዋጋቸው እኩል ነው። ዋጋ እንኳ አላገዘኝም።

ነጯ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። "ፍሪሲዮን የላትም?"

"የላትም።"

"ታዲያ ግራ እግር ምን ይሠራል?"

"ያርፋል ጋሼ! እርስዎ አርፈው አያውቁም?"

"መኪና ነው ልገዛ የመጣሁት፣ ሶፋ አይደለም።"

ታሾ ነጯ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ጎማዋን ይነካል፣ በሯን ይከፍታል ይዘጋል። እኔ ግራጫዋ አጠገብ ቆምኩ።

መስከረም 17

ግራጫዋን ሞከርኳት። አፍንጫዋን ቁልቁል አዙረህ አቁምልኝ አልኩት ጌንቾን። አዞረ። በሁለተኛ ለቀቅኳት፣ እየተንሸራተተች ተነሳች። ጥሩ። ሜዳው ላይ አራተኛ አስገባሁ። ጥሩ። ምን ዓይነት ሞተር ነው! ድምፁ ደረቴ ድረስ ገባ።

ከዚያ የሆስፒታሉ ዳገት መጣ። አራተኛ አይወጣውም። ደከመች፣ ተንቀጠቀጠች። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ሳላስበው…

"አሁን!"

ጌንቾ ዞሮ አየኝ። "ምን አሁን?"

ጠፋች። ዳገቱ መሃል። ከኋላ እንጨት የጫነ ካሚዮን ክላክሱን ለቀቀው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስለ እናቴ አንዳንድ ነገር ተናገረ።

"አሁን… አሁን ጉልበቷን አየሁት ማለቴ ነው" አልኩ።

"ገድለዋት እኮ ነው ያዩት!" አለ ጌንቾ።

ወርጄ ቦታ ለወጥኩ። እሱ ነድቶ መለሰን። አላበኝ።

መስከረም 18

እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ጫካ ስንሠራ ግንድ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ተንከባለለ። ክንዴ ይጎትታል፣ አይገፋም። ሁለተኛና አራተኛ ማርሽ ወደ ኋላ ናቸው፣ እጎትታቸዋለሁ። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ ወደ ፊት ናቸው… እነሱን አልችልም። ማስወጣቱን በጉልበቴ መታ አደርገዋለሁ። ማስገባቱ ነው ያቃተኝ። ለሐኪም አልተናገርኩም፣ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።

ዘዴው የዳፊና ነው። ከሆስፒታል የወጣሁ ሳምንት "አንተ እርገጥ፣ እኔ እገፋለሁ" አለች። እረግጥና "አሁን!" እላለሁ። በግራ እጇ ቀጭ ታደርገዋለች። አስራ አንድ ዓመት። አንድ ቀን አልሳተችም። አንድ ሰው ነበርን። ማንም ሳያውቅብን።

እሷ ከሞተች ወዲህ በሁለተኛ እነሳለሁ። ከዚያ ሞተሩ እስኪጮህ አባርሬ አራተኛ። ቆሜ ከሆነ በግራ እጄ ተሻግሬ አንደኛን ማስገባት ይቻል ነበር… ግን ሰው እያየ?

ፍሪሲዮኑን የበላሁት እኔ ነኝ።

መስከረም 22

ነጯን ሞከርኳት። ታሾ ለምኖኝ ነው።

መያዣዋን ወደ ኋላ ስጎትተው ተነሳች። መጎተት ብቻ። ምንም የሚገፋ የለም፣ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች… ትንሽ ሄድን። ከዚያ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ልርገጥ ብሎ በሙሉ ኃይሉ ወረደ። እዚያ ያለው ፍሬን ነው። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች። የጌንቾ ግንባር መስታወቱን ሳመው፣ ሲጋራው ሸሚዙ ውስጥ ገባ።

"ፍሬን ነው ጋሼ! ፍሬን! አቃጠሉኝ!"

እንደገና ተነሳን። እንደገና ረገጥኩ። ሦስት ጊዜ። እምቢ ብዬ አይደለም፣ እግሩ አይታዘዘኝም። መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጥ ሴትዮ ሚዛኗን ይዛ ትስቃለች።

"ሌላ ቀን ሲመጡ ግራ እግርዎን ቤት ትተውት ይምጡ" አለኝ ጌንቾ፣ ሸሚዙን እያራገፈ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። እስከ ታሾ መኪና በእግሬ ሄድኩ።

መስከረም 25

ግራጫዋን ገዛሁ። ታሾ ነድቶ ግቢዬ አቆማት። "ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለ። "ናፍጣ ናፍጣ ነው" አልኩት።

እውነቱን ልጻፍ? ነጯ ውስጥ ከጎኔ ያለው ሰው ሥራ የለውም። ማንም ቢቀመጥ ያው ነው። ይህን መቻል አልቻልኩም።

ጥቅምት 2

ግቢ ውስጥ ተለማመድኩ። በጉልበቴ ልገፋው ሞከርኩ፣ አይገባም። በዱላ ሞከርኩ፣ ተንሸራተተ። እየሄድኩ መሪውን ለቅቄ በግራ እጄ ተሻገርኩ። ሦስተኛ ገባ! ቀና ስል የፕሪሙ ዛፍ ፊቴ ነው።

ፓራውልቷ ተጣመመ። ዛፉ ምንም አልሆነም።

ጥቅምት 6

ዝናብ። ግራጫዋ ውስጥ ገብቼ ሞተሯን አስነሳሁ። አሳለች፣ ከዚያ ደህና ሠራች። ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥኩ። የትም አልሄድኩም። አስራ አራት ቀን ቀረ።

ጥቅምት 9

ታሾ ፓራውልቱን ሊያቃና መጣ። መዶሻውን ሳያነሳ ጎማው ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ይበቃል። የ'አሁን'ን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።"

"ምን አሁን?"

"በበጋ መስኮት ከፍታችሁ ትሄዱ የለ? ድልድዩ ጋ 'አሁን!'፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ 'አሁን!'። ባለቤቴ እኮ 'ጋሼ ሦስተኛ አስገቡ፣ ምሳ ላቅርብ' ትል ነበር።"

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ… ሰላም ሲሉኝ፣ ቆብ ሲያነሱልኝ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር?

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እትዬ ዳፊና ናቸዋ። 'አንድ ሰው ትንፍሽ ቢል ውርድ ከራሴ' አሉን። ማን ይደፍራቸዋል?"

"ሌላስ ምን አለች?"

"ይቅር ጋሼ።"

"ተናገር!"

ጨርቁን ጠቀለለ፣ ፈታ። "አንድ ጊዜ ጎማ ስቀይር አጠገቤ ቆመው ነበር። 'ታሾ፣ ያንን ጋራ ስንት ዓመት ተመላለስኩበት፣ አንድ ቀን ግን አላየሁትም' አሉኝ። ምነው ብላቸው፣ 'የሱን እግር ሳይ ነዋ። ዓይኔን ባነሳ ገደል ነን' አሉ።"

"እየሳቀች ነው ያለችው?"

አሰበ። "አዎ" አለ። "እየሳቁ ነው።"

ዋሽቶኝ ይሆን? እንጃ። የምጠይቀው ሌላ ሰው የለም።

ጥቅምት 10

ከላይ "አንድ ሰው ነበርን" ብዬ ጽፌያለሁ። አልሰረዝኩትም። ግን…

ገጾቿን ከፊት ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኩ። ዘይት። ጎማ። ዘይት። ባትሪ። ዘይት። ስለ እጇ ምንም የለም። ደክሞኛል የሚል የለም። ከጎኔ ሆና እንቅልፍ ወስዷት ያውቃል? አስታውሼ አጣሁ። እኔ ከጎኗ ስንቴ አንኮራፍቼ… በአውቶቡስ፣ በባቡር።

ይቅርታ ለማን ይባላል?

ጥቅምት 12

ግራጫዋን መለስኩ። ታሾ ነዳ። ነጯ እዚያው ቆማለች፣ በዚህ ጋራ አገር ቤንዚን ማን ይገዛል። ጌንቾ የተቃናውን ፓራውልት ዞሮ ዞሮ አየው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ የፕሪም አረቄ ጨምሬ በነጯ ልለውጣት ተስማማን።

"ግራ እግርዎስ ጋሼ?"

"ቤት ነው ያለው" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 16

ግራ እግሬን ወደ ኋላ አጥፌ መቀመጫው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ይነሳል። እመልሰዋለሁ። ይነሳል። እንደ ባለጌ ልጅ ነው። ታሾ አጠገቤ ተቀምጦ እስከ ድልድዩ ደርሰን ተመለስን፣ አራቴ። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ረገጥኩ። "አሁን" ያልኩትን ታሾ አልቆጠረውም። በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ጥቅምት 20

ጠዋት የመታሰቢያውን ስንዴ ቀቀልኩ። ስኳር ነሰነስኩ፣ ለውዝ ጨመርኩ። የሷን አይመስልም። ሳህኑን የሷ መቀመጫ ላይ አድርጌ ቀበቶ አሰርኩለት።

ታሾ ልከተልዎ አለ። አትከተለኝም አልኩት።

ድልድዩ ጋ "አሁን!" አልኩ። ተቀየረች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ "አሁን!" ተቀየረች። መንደሩ በር ላይ ወጥቶ ነበር። ይስሙ።

ጋራው ጫፍ ላይ ዳር ይዤ አቆምኩ። ወረድኩ። እዚያ ቆሜ አላውቅም። ዛፉ ሁሉ ቢጫ ነው፣ ቀይም አለበት፣ እስከ ታች ድረስ። ከሥሩ ወንዝ አለ። ስንት ዓመት ነድቼበት ወንዝ እንዳለ አላውቅም ነበር። እሷ እግሬን ስታይ፣ እኔ መንገዱን ሳይ… ማን አየው ታዲያ? ብርድ እስኪሰማኝ ቆምኩ። የምነግራት ነገር ነበረኝ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ጠፋኝ። መቃብሩ ጋም አልመጣልኝም።

ኔቬና የመካነ መቃብሩ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መኪናዋን አየች፣ መቀመጫውን አየች፣ ሳህኑን አየች።

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

ሳህኑን ተቀበለችኝ። ስለ ሻንጣው አላነሳችም። እኔም አላነሳሁ። ቄሱ ጸለዩ፣ ወይን አፈሰሱ። የዳፊና እህት ስንዴውን አላምጣ አላምጣ "ሃራላምፒ፣ ይህን የቀቀልከው ጥርስ ላለው ነው?" አለች። ሁሉም ሳቀ። ዳፊና ብትኖር እሷም ይህንኑ ትል ነበር።

ስመለስ ሳህኑ ባዶውን መቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጫል። ትልቁ ጠመዝማዛ ላይ "አሁን!" አልኩ። ተቀየረች።

የሚቀጥለው ላይ ዝም አልኩ።

ያኔም ተቀየረች።