የባምላክ ሳንባ በራጅ ሳይታይ ወደ ግድቡ እንዳይወርድ

ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሜዳው መስኖ ግድቦች የውኃ ውስጥ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ጉዳዩ፦ የጠላቂ ዋናተኞች የጤና ብቃት ምርመራ የሳንባ ራጅን እንዲጨምር ለሦስተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መንግሥቴ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ደብር የዜማ መምህር ነኝ። ልጄ ባምላክ በጽሕፈት ቤትዎ ጠላቂ ዋናተኛ ሆኖ ይሠራል። በመጪው ሰኞ፣ የነቢያት ጾም በሚገባበት ዕለት፣ በደለል የተዘጋውን የግድቡን የመስኖ በር እንዲከፍት የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ እንዲወርድ ታዟል። ሳንባው ግን በወጉ አልተመረመረም። የሁለቱ አቤቱታዎቼ ዕጣ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይህንን የምጽፈው ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

1. ባምላክ በልጅነቱ አንበሳሜ ለትምህርት ተቀምጦ ሳለ ሳል ያዘው። ዘመድ ሁሉ እንደመከረን ወንዛዬ ፍል ውኃ አስገባነው፤ አልለቀው ሲል ሐኪም ቤት ወሰድነው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። ያከመው ሐኪም ግን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ በቀኝ ሳንባው ጫፍ ላይ የቀረውን ጠባሳ በጣቱ አሳይቶኛል። በሽታው ለቆታል፣ ጠባሳው ግን አብሮት ይኖራል ነበር ያለኝ።

2. ጽሕፈት ቤትዎ ጠላቂዎችን የመረጠው ጉማራ ወንዝ ውስጥ አስገብቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ብዙ የቆየው ማን እንደሆነ በማየት ነው። ባምላክ ሁሉንም በለጠ። ሌሎቹ ወጥተው ልብሳቸውን ሲለብሱ እሱ ገና ከውኃው በታች ነበር፤ ዳር የቆመው ሰው እልልታውን አቀለጠው። ከዚያ የጽሕፈት ቤትዎ የጤና መርማሪ ደረቱን በማዳመጫ ነካ ነካ አደረገ። ጠባሳ ስላለበት እባክዎን ራጅ ይነሣ ብዬ ብለምነው፣ «መሪጌታ፣ ይህን ሳንባ እርስዎ ራስዎ በዜማ ሠርተውት የለም ወይ» ብሎ ሳቀና «ብቁ ነው» ብሎ ፈረመ።

ክቡር ሆይ፣ ትንፋሽ ማርዘም ሥራዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ረጅም ትንፋሽ የልምድ ፍሬ ነው እንጂ የጤና ምስክር አይደለም። ከተማሪዎቼ ሁሉ ትንፋሹ የረዘመውን ልጅ በሳንባ በሽታ ነው የቀበርኩት።

3. ባለፈው ዓመት የባምላክ የሥራ ባልደረባ ይርዳው ማረው ከዚያው ግድብ ሲወጣ ደም ተፋና ከጀልባው ላይ ሳይወርድ ዐረፈ። ደግፎ ያወጣው ልጄ ነው። ይርዳውም «ብቁ» የሚል ወረቀት ነበረው። አስከሬኑን ያዩት ሐኪም ለቤተሰቡ እንዳስረዱት፣ ጠላቂ ከታች የሚስበው አየር ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ያብጣል። ጤነኛ ሳንባ ያስወጣዋል። ጠባሳ መውጫውን የዘጋበት ሳንባ ግን አፉ እንደታሰረ አቅማዳ ይተረተራል። ሲወጡ ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ጤነኛውንም ይገድላል ብለዋል። እልል የተባለለት የልጄ ችሎታ እንግዲህ ይኸው ነው።

4. የመጀመሪያው አቤቱታዬ «ማረጋገጫው እስከ ሰኔ የጸና ነው» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው «ባለጉዳዩ ራሱ ያመልክት» ተባለ። ባለጉዳዩ አያመለክትም። ሚስቱ ሰገን አራስ ናት፤ ራጅ የጠየቀ ጠላቂ በሌላ ሰው እንደሚተካም ያውቃል። ስለምነው «አባባ፣ ይተዉኝ፤ ምንም አልሆንኩ» ይለኛል። ሌሊት ግን ሲስል ሰገን ትሰማዋለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ብጮኽ ገበሬው እንኳ ተቀይሞኛል። የሽንኩርቱ ችግኝ ውኃ አጥቶ እየጠወለገ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ፣ «መሪጌታ፣ ለአንድ ልጅ ብለው አገሩን ሊያደርቁት ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ የእሱም ልጆች የሚበሉት ከዚያው ማሳ ነው። እኔ ግን ያለኝ ያው አንዱ ነው።

ስለዚህ ባምላክ ከሰኞ በፊት የሳንባ ራጅ እንዲነሣና ትንፋሹም በመሣሪያ እንዲለካ፣ ከእንግዲህም ማንም ጠላቂ ያለዚህ ምርመራ «ብቁ» እንዳይባል በትሕትና እለምናለሁ። ጠባሳው አያሰጋም ብሎ ሐኪም ከነገረኝ አፌን ዘግቼ እመለሳለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ይህን ወረቀት ከብቃት ማረጋገጫው ጋር አያይዘው በማኅደሩ ያኑሩልኝ፤ ኋላ «ማን ያውቅ ነበር» እንዳይባል።

የጽሑፍ መልስ አልጠብቅም። ወደ ግድቡ የሚሄደው መኪና ሰኞ ጠዋት የሚነሣው ከጽሕፈት ቤትዎ በር ነው። እዚያ ቆሜ አያለሁ። ልጄ ከተሳፈረ መልሱ ደርሶኛል ማለት ነው።

ከአባት ሰላምታ ጋር

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መንግሥቴ
(ፊርማ)